ትምህርት ቤት ምን ማስተማር ይገባዋል?

«የተማረ ይግደለኝ» እያለ የኖረው ሕዝባችን ልጁን ወደ ተማሪ ቤት ሲሰድ ምን ተምሮ እንዲመለስለት እንደሚፈልግ አጥርቶ ያውቅ ነበር። ልጁ የመጣለትን ደብዳቤ እንዲያነብለት፣ ውሉን እንዲጽፍለት፣ የግብሩን ሒሳብ እንዲያሰላለትና በዳኛ ፊት ሲቆም ነገር እንዲያውቅለት ይሻ ነበር። ዛሬ ግን ይኸው ሕዝብ ልጁን ከእርሻው፣ ከገበያውና ከቤት ሥራው እየቀነሰ 12 ዓመት ካስተማረ በኋላ በመጨረሻ የሚደርሰው ወሬ የሚያሳዝን ሆኖአል።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ተሰብስበው፣ ከወትሮው በጠበቀ ቍጥጥር ሥር በተፈተኑ ጊዜ፣ ከ896 ሺህ በላይ ከነበሩት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 30 ሺህ ያህል ብቻ ነበሩ። ይህም ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከመቶ 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ሆነ። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች በያመቱ ከ1,300 በላይ ነበሩ። ቁጥሩ ጥቂት በጥቂት ከፍ ማለቱ መልካም ነው። ነገር ግን ከመቶ ተማሪ ስምንቱ ያለፈበትን ዓመት እንደ ደግ ዘመን መቁጠር ከጀመርን፣ ወዴት እንደደረስን ራሱ ቁጥሩ ይመሰክራል።

ይህ ወሬ በተሰማ ቁጥር ጣት የሚቀሰርበት አይታጣም። አንዱ ተማሪው ሰነፈ ይላል፤ ሌላው ስልኩን ይወቅሳል፤ ሦስተኛው ፈተናው ከበደ ይላል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ጦርነት ለዓመታት ትምህርት ቤቶችን መዝጋቱን፣ በየገጠሩም የመጽሐፍና የወንበር እጥረት መኖሩን የሚያነሡ አሉ፤ ይህም እውነት ነው። እኛ ግን ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ያልቈየንና በዚሁ ሥርዓት ውስጥ ያለፍን እንደመሆናችን መጠን፣ ዛሬ ልናነሣ የምንፈልገው ከነዚህ ሁሉ ቀድሞ የሚመጣውን ጥያቄ ነው። ለመሆኑ ትምህርት ቤት ምን ማስተማር ይገባዋል? በክፍሉስ ውስጥ መሐሉን መያዝ ያለበት ማን ነው? መምህሩ ወይስ ተማሪው?

የቆየ ክርክር

ይህ ጥያቄ በእኛ አገር የተጀመረ አይደለም። ስለ ትምህርት ፍልስፍና ከሚከራከሩት መካከል መምህሩን ከመሐል የሚያስቀምጡት በሁለት ዋና ዋና ወገኖች ይከፈላሉ። አንደኛው የዘላቂ ዕውቀት ወገን ሊባል ይችላል፤ በፈረንጆቹ አጠራር ፔሬኒያሊዝም ነው። የሰው ባሕርይ በዘመን ብዛት ስለማይለወጥ፣ ሰውንም ሰው የሚያደርገው ማሰቡ ስለሆነ፣ ትምህርት ቤት ማስተማር የሚገባው በየዘመኑ ተፈትነው ያልሞቱትን ታላላቅ መጻሕፍትና ሐሳቦች ነው ይላል። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ መሪ የነበሩት ሮበርት ሃችንስና ባልደረባቸው ሞርቲመር አድለር የዚህ ሐሳብ ጠበቆች ነበሩ። ሴንት ጆንስ የተባለው የአሜሪካ ኮሌጅም ከ1937 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርቱን በታላላቅ መጻሕፍት ንባብና ውይይት ላይ የመሠረተው በዚሁ መንፈስ ነው።

ሁለተኛው የመሠረታዊ ትምህርት ወገን ነው፤ ይህኛው ኤሴንሺያሊዝም ይባላል። ስለ ዘላለማዊ እውነት ብዙ አይጨነቅም። ማንኛውም ዜጋ ሊጎድለው የማይገባ የዕውቀት መሠረት አለ፤ ይኸውም ማንበብ፣ መጻፍ፣ ሒሳብ፣ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ቋንቋ ነው ይላል። ይህንንም የሚያውቀው መምህር ለማያውቀው ልጅ በተራና በሥርዓት ያስተላልፍለት፤ ልጁም ያንዱን ክፍል ትምህርት በሚገባ ሳያውቅ ወደሚቀጥለው አይለፍ ባይ ነው።

በ1938 እ.ኤ.አ. ዊልያም ባግሊ የተባሉት አሜሪካዊ የትምህርት ሊቅ የዚህን ወገን አቋም በጽሑፍ ሲያወጡ ያነሣሣቸው ነገር ለእኛ ለዛሬዎቹ ኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በብዙ የአገራቸው ትምህርት ቤቶች ልጆች ሳያውቁ ከክፍል ወደ ክፍል ሲዛወሩና የንባብና የሒሳብ ችሎታቸው ሲደክም አይተው ነው። ባግሊ ዕድሜያቸውን የፈጁት መምህራንን በማሠልጠን ነበር። አንዳንድ ሰዎች እንደሚመስላቸው ለጌታ ልጅ ብቻ የሚያስቡ ሰው አልነበሩም። በ1920ዎቹ የአእምሮ መለኪያ ፈተና እየሰጡ የአንዳንዱ ልጅ አእምሮ በተፈጥሮው አነስተኛ ስለሆነ አነስተኛ ትምህርት ይበቃዋል ይሉ የነበሩትን ሰዎች መጽሐፍ ጽፈው ተከራክረዋቸዋል።

በነዚህ ወገኖች አንጻር የቆሙት ተራማጆቹ ናቸው። አለቃቸው ጆን ዴዊ ልጅ የሚማረው ራሱ ሲሠራና ሲመራመር፣ ትምህርቱም ከኑሮው ጋር ሲገናኝ ነው ብለው አስተማሩ። ከብዙ ዓመታት በኋላም ብራዚላዊው ፓውሎ ፍሬሬ፣ መምህሩ አስቀማጭ ተማሪው ሣጥን የሆነበትን ትምህርት አጥብቀው ነቀፉ። ነቀፋው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በዱላ እየተገረፈ ያልገባውን ነገር ሲደግም የዋለ ልጅ በዓለም ሁሉ ነበረ፤ በእኛም አገር ነበረ። ሆኖም ዴዊ ራሳቸው በዚያው በ1938 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ፣ አሮጌውን ዘዴ መጣል ብቻውን አዲስ ትምህርት እንደማይሆንና ያለ ሥርዓት የተለቀቀ ልጅ እንደማይማር ተከታዮቻቸውን አስጠንቅቀዋል።

የአሜሪካኖቹ ክርክር ከዚያ ወዲህ እንደ ዥዋዥዌ ወዲያና ወዲህ ሲል ኖረ። ሶቪየት ኅብረት በ1957 እ.ኤ.አ. ስፑትኒክን ወደ ጠፈር በላከች ጊዜ አሜሪካኖች ደንግጠው በማግሥቱ ዓመት ለሳይንስ፣ ለሒሳብና ለውጭ ቋንቋ ትምህርት ብዙ ገንዘብ የሚመድብ ሕግ አወጡ። በ1983 እ.ኤ.አ. ደግሞ አገራቸው በትምህርት ድክመት የተነሣ በአደጋ ላይ መሆኗን የሚገልጽ የመንግሥት ሪፖርት ወጣና እንደገና ወደ መሠረታዊው ትምህርት እንመለስ ተባለ። ከዚህ የምንረዳው አገር ሲደነግጥ ወደ መሠረቱ መመለስ የሚሻ መሆኑን ነው። እኛም አሁን ደንግጠናል። ነገር ግን የደነገጠ ሰው ከመሮጡ በፊት የሚመለስበትን መንገድ ቢመረምር ይሻለዋል።

በአገራችን የሆነው

ዘመናዊው ትምህርት ቤታችን ሲጀመር የሚያስተምረውን ነገር አብዛኛውን ጊዜ የወሰነው መምህሩ የመጣበት አገር ነበር። በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህራኑ ከግብጽ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። በ1922 ዓ.ም. ገደማ የትምህርት አማካሪ ሆነው የመጡት አሜሪካዊው ኧርነስት ዎርክ፣ የኢትዮጵያ ልጆች በባዕድ ቋንቋና በባዕድ መጽሐፍ መማራቸውን ነቅፈው፣ ለአገሪቱ የሚስማማ የራስዋ ትምህርት እንዲሰናዳላት ሐሳብ አቅርበው ነበር። ከዚያ በኋላ እንግሊዞች፣ አሜሪካኖችና የምሥራቅ ጀርመን ሰዎች በየተራቸው መክረውናል። ምክሩ ሁሉ ክፉ ነበር ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ምን እናስተምር ለሚለው ጥያቄ የራሳችንን መልስ ሳንሰጥ እንዴት እናስተምር የሚለውን ብቻ ስንዋስ ኖረናል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ታላላቅ ሥራዎችን ሠርቶአል። ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ አድርጎአል። በ1983 ዓ.ም. ገደማ ወደ 3 ሚሊዮን የነበረው የመጀመሪያ ደረጃ ተማሪ በ2007 ዓ.ም. ከ18 ሚሊዮን በላይ ሆኖአል። ትምህርት ቤት በሩቅ ሲወራ ይሰማ የነበረ የገጠር ልጅ ከደጁ አግኝቶታል። ይህን የሚንቅ ሰው ፍርዱ የተዛባ ነው።

ይሁን እንጂ በዚሁ ዘመን «ተማሪ ተኮር» የሚለው ቃል በየስብሰባውና በየሥልጠናው ይነገር ጀመር። ቃሉ መልካም ነው፤ የዴዊ ቃል ነው። ግን ምን ሆኖ ወደ ክፍላችን ደረሰ? እኛ ራሳችን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በነበርንበት ጊዜ የሆነውን እንናገር። በክፍላችን አንድ ለአምስት ተደራጅተን ነበር። መምህሩ ርእስ ይሰጥና «ተወያዩ» ብሎ ይቀመጣል። ከአምስታችን አንዱ፣ ጎበዝ የተባለው፣ ሥራውን ይሠራል፤ አራቱ ስማቸውን ያጽፋሉ። ማርኩ ለአምስቱም እኩል ይሰጣል። መምህሩ ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ በሥልጠና የተነገረውን ፈጸመ እንጂ። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ ስለ አሲድና ቤዝ ተነሥቶ ቢጠይቅ «በቡድናችሁ ተረዳዱ» የሚል መልስ አገኘ። አምስት የማያውቁ ልጆች ተረዳድተው ምን ሊያውቁ እንደሚችሉ ያን ጊዜም አልገባንም፤ ዛሬም አልገባንም።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አለ። ፖሊሲው ተማሪ ተኮር ነው እየተባለ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት ገባ። ከሩቅ አገር ተቀርጾ የመጣው መምህር በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ጥያቄ ይጠይቃል፤ የጥቂት ደቂቃ ፋታ ይሰጣል፤ ተማሪው መለሰም አልመለሰም ወደሚቀጥለው ያልፋል። የክፍሉ መምህር ከበር አጠገብ ቆሞ እንደ ተማሪው ይሰማል። ይህ ትምህርት ተማሪውም መምህሩም ከመሐል የወጡበት፣ ሣጥኑ ከመሐል የገባበት ትምህርት ነበር። በዱሮው ክፍል ልጁ ባይገባው እንኳ እጁን አውጥቶ የሚጠይቀው ሰው ነበረው።

ከሁሉ በላይ ግን የጎዳን የታችኛው ክፍል ነገር ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ልጆች ያለ ፈተና ውድቀት እንዲዛወሩ ተደረገ። ሐሳቡ ልጆች በጨቅላነታቸው እንዳይሰበሩና ትምህርታቸውን እንዳያቋርጡ ነበር፤ ይህም ርኅራኄ ነው። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተለያዩ ቋንቋዎች በተደረገው የንባብ ምርመራ፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሢሶው ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም።

አሁን አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንለምናለን። በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል የነበረ፣ ክፍል ሳይደግም የመጣ ተማሪ፣ አንደኛ ክፍል የገባው በ2003 ዓ.ም. ነው። ይኸውም ያ ምርመራ በተደረገ በማግሥቱ ዓመት መሆኑ ነው። እንግዲህ የ2015 ዓ.ም. ጥር ወር ያስደነገጠን ውጤት በዚያ ወር የተወለደ አልነበረም፤ 12 ዓመት አስቀድሞ በወረቀት ተጽፎ በእጃችን ነበር። ልጁ ማንበብ ሳይችል ሦስተኛ ክፍል ገባ፤ ማንበብ ሳይችል መጽሐፍ ተሰጠው፤ ከዚያም ትምህርቱ ወደ እንግሊዝኛ ተለወጠበት፤ በመጨረሻም «ግማሽ አምጣ» ተባለ።

እዚህ ላይ ነው የነገሩ ቋጠሮ። መልቀቂያው ፈተናችን የባግሊን ፍልስፍና ይከተላል፤ ይህን ያላወቀ አይለፍ ይላል። ትምህርት ቤታችን ግን 12 ዓመት ሙሉ ያንን ፍልስፍና ሳይከተል ይቆያል። በመውጫው በር ላይ ብርቱ ዘበኛ አቁመን በመግቢያው በር ላይ አንድም መምህር አላቆምንም እንደ ማለት ነው። ፈተናው መጥበቁ ትክክል ነው፤ ኩረጃን አቁሞአልና እውነቱን አሳይቶናል። ነገር ግን ፈተና ይለካል እንጂ አያስተምርም።

ከቅኔ ቤት የምናገኘው

መምህር ተኮር ትምህርት ምን እንደሆነ ለማወቅ ወደ ቺካጎ መሄድ አያስፈልገንም። ከማንም ይልቅ መምህሩን ከመሐል ያስቀመጠው የራሳችን የቅኔ ቤት ነው። ተማሪው ከመምህሩ እግር ሥር ይቀመጣል፤ ግስ ያወርዳል፤ አገባብ ያጠናል፤ መምህሩ የዘረፈውን ቅኔ ሰሙንና ወርቁን እየለየ ይሰማል። እስከዚህ ድረስ ያየ እንግዳ ይህ የሽምደዳ ትምህርት ነው ብሎ ሊሄድ ይችላል።

ነገር ግን ያ ተማሪ ብቻውን ወደ ዛፍ ጥላ ሄዶ የራሱን ቅኔ ይቈጥራል። ከዚያም ተመልሶ ለመምህሩ ይነግራል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ ነውር ነው። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁና በዋዜማ አልፎ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስና ከዚያም በላይ ይወጣል። መምህሩ ስሕተቱን እዚያው ያርመዋል። በርታ ያለው ተማሪ ደግሞ አስነጋሪ ሆኖ ታናናሾቹን ያርማል። እንደ ዋሸራና እንደ ጎንጅ ያሉት የቅኔ ቤቶች በየራሳቸው መንገድ የታወቁት በመምህሮቻቸው ዕውቀት ነው፤ ተማሪውም ቆሎውን ቋጥሮ ስንት ቀን በእግሩ የሚሄደው ያንን ዕውቀት ፍለጋ ነው።

በወሎም ሆነ በሌላው ስፍራ ባሉት የእስልምና ትምህርት ቤቶች እንዲሁ ነው። ልጁ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ፊደል ቆጥሮ ቁርአን ይቀራል። ከዚያም ደረሳ ሆኖ ነሕውን ከአንዱ ሸኽ፣ ፊቅሁን ከሌላው እየፈለገ ኪታብ በኪታብ ይሄዳል። አንዱን ኪታብ ሳያጠና ወደ ሁለተኛው አይሻገርም።

እንግዲህ ከዚህ ሦስት ነገር እናገኛለን። አንደኛ፣ ትምህርቱ ተራ አለው፤ መሠረቱ ሳይጠና ጣሪያ አይሠራም። ሁለተኛ፣ መምህሩ ከመሐል የተቀመጠው በሹመት ሳይሆን በማወቁ ነው፤ ካላወቀ ተማሪው ቆሎውን ይዞ ወደ ሌላ መምህር ይሄዳል። ሦስተኛ፣ ተማሪው ከመምህሩ የተቀበለውን ይዞ የራሱን አዲስ ነገር በያቀኑ እንዲያወጣ ይገደዳል። ስለዚህ «መምህሩ ወይስ ተማሪው» የሚለው ጥያቄ በቅኔ ቤት ትርጉም የለውም። መምህሩ ዕውቀት ስላለው ከመሐል ይቀመጣል፤ ተማሪው ግን መፍጠር እስኪችል ድረስ አይለቀቅም። ዴዊና ባግሊ በ1938 እ.ኤ.አ. የተከራከሩበትን ነገር አባቶቻችን በአንድ ጉባኤ አስታርቀውት ነበር።

ይህን ስንል ወደ ዱሮው እንመለስ ማለታችን እንዳይደለ ይታወቅልን። ያ ትምህርት ቤት ከጥቂቶች በቀር ሴቶችን አላስገባም። የተፈጥሮ ሳይንስን አላስተማረም። በንባብ ቤቱም ልጁ ትርጉሙን ሳያውቅ ለብዙ ጊዜ ግዕዝ ያነብ ነበር፤ ዱላውም ብዙ ነበር። በ20 ሚሊዮን ለሚቆጠር ተማሪ ይበቃል ብሎ የሚያስብ የለም። የምንወስደው ሥርዓቱን እንጂ ጭራውን ወይም ጅራፉን አይደለም።

ለሁሉ አንድ ወይስ ለየሰዉ ልዩ?

ምን እናስተምር የሚለው ጥያቄ ለማን ምን እንስጥ የሚለውን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። ይህን የማይረሳ ታሪክ አለን። በ1964 ዓ.ም. የተጠናው የትምህርት ሴክተር ሪቪው፣ ለብዙኃኑ ሕዝብ አጭር መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥና ከሥራ ጋር የተያያዘ ትምህርት እንዲስፋፋ፣ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚወስደው መንገድ ግን እንዲጠብ ሐሳብ አቀረበ። አጥኚዎቹ የአገሪቱን ገንዘብና የሥራውን ብዛት ቆጥረው ነበር፤ ስሌታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። ነገር ግን መምህራኑና ወላጆቹ የተረዱት ለድኻው ልጅ አነስተኛው፣ ለጌታው ልጅ ሙሉው ሊሰጥ ነው ብለው ነው። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ምክንያታቸው ይህ ነበር። የዚያ ወር ነገር ወዴት እንዳደረሰ አንባቢ ያውቀዋል።

ዛሬም ይኸው ጥያቄ በሌላ ልብስ መጥቶአል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ መዋል የጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብረ ገብን መልሶአል፤ አገር በቀል ዕውቀትን አስገብቶአል፤ ለከፍተኛዎቹ ክፍሎችም የሙያ ትምህርት ጨምሮአል። ይህ ሁሉ የሚደገፍ ነው። የሚያስፈራን ግን ማንበብ ላልቻለ ልጅ የትምህርቱን ዓይነት ማብዛት ሸክም እንዳይሆንበት ነው። የሙያ ትምህርትም ቢሆን መሠረት ይፈልጋል። ክፍልፋይ የማያሰላ አናጢ እንጨት ያባክናል፤ የመድኃኒቱን ወረቀት የማያነብ ገበሬ ከብቱን ይገድላል። ስለዚህ ሙያ ለደካማው፣ ዕውቀት ለብርቱው የሚል አከፋፈል እንዳይለመድ ያሠጋናል። አድለር በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጡት የትምህርት ሐሳብ፣ በአንድ ሕዝብ መንግሥት ውስጥ ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት መሠረታዊ ትምህርት እንዲሰጥ የተከራከሩት ስለዚህ ነው።

ታዲያ ምን ይሁን?

በእኛ አስተያየት የመጀመሪያው ነገር ፈተናውን ከ12ኛ ክፍል ወደ ታች ማውረድ ነው። ይህን ስንል ሕፃኑን መጣል ይገባል አላልንም፤ መምህሩና ትምህርት ቤቱ ይመርመሩ ማለታችን ነው። ማንኛውም ልጅ ሦስተኛ ክፍልን ሳይጨርስ በራሱ ቋንቋ አንድ ገጽ አንብቦ የገባውን እንዲናገር፣ አራቱን የሒሳብ ስሌቶች እንዲያውቅ ይደረግ። ያልቻለውን ልጅ መዝግቦ በዚያው ዓመት በተጨማሪ ሰዓት ማስተማር ይቻላል። ይህ ሕልም አይደለም። ጎረቤታችን ኬንያ በ2015 እ.ኤ.አ. «ቱሶሜ» ማለት «እናንብብ» የሚል ሥራ በመንግሥት ትምህርት ቤቶችዋ ጀምራ፣ ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ መጽሐፍ፣ ለመምህሩ ደግሞ የየዕለቱን ትምህርት በተራ የሚያሳይ መመሪያ ሰጠች፤ መምህሩን በክፍሉ እየተገኘ የሚመክር ባለሙያም መደበች። የሕፃናቱም ንባብ ተሻሻለ። ሥራው ባዕድ ጥበብ የለበትም፤ ተራ፣ መጽሐፍና የሚያርም ሰው፣ ይህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የመምህሩ ነገር ነው። መምህርነት ሌላ ሥራ ያጣ ሰው የሚገባበት ሙያ ሆኖ ሳለ መምህሩ ከመሐል ይቀመጥ ማለት ፌዝ ነው። የቅኔ መምህር የተከበረው ስለሚያውቅ ነው፤ የዛሬውም መምህር እንዲከበር ከተፈለገ የሚያስተምረውን ትምህርት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይመረጥ፤ የተመረጠውም በደመወዙ ቤት ተከራይቶ፣ ልጁን አብልቶ የሚኖር ይሁን። በየክረምቱ ስለ ማስተማር ዘዴ የሚሰጠው ሥልጠና ቢቀነስና የሒሳብ መምህሩ ሒሳብ፣ የፊዚክስ መምህሩ ፊዚክስ ቢማርበት ብዙ ጥቅም ይገኝ ነበር።

ሦስተኛው ሁላችንም በጋራ የምናነበውና የምናውቀው ነገር ነው። እዚህ ላይ የዘላቂ ዕውቀት ወገኖች የሚጠየቁት ከባድ ጥያቄ አለ፤ ዘላቂ የሚባለውን የሚመርጠው ማን ነው? ብዙ ቋንቋና ብዙ እምነት ባለበት አገር አንዱ ወገን ብቻውን ዝርዝር ቢያወጣ ጠብ ነው። እኛ ግን ጠብን ፈርቶ ባዶ መተው ከጠቡ የባሰ ነው እንላለን። ንጉሥ ኢዛና በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ ያስጻፈው ድንጋይ፣ የላሊበላ ሕንጻ፣ የሐረር ግንብ፣ የገዳ ሥርዓት፣ የአድዋ ድል፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»፣ እነዚህን የትኛውም ልጅ በየትም ክልል ቢወለድ የኔ ብሎ ሊያውቃቸው ይችላል። የዘርዐ ያዕቆብን «ሐተታ» እንኳ ብንወስድ፣ ደራሲው ማን እንደሆነ ሊቃውንት እስከ ዛሬ የሚከራከሩበት መሆኑ ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ተማሪው ክርክሩን ሰምቶ ማስረጃውን ይመዝን። እንዲህ ያለው ትምህርት ሽምደዳም አይደለም፤ በአምስት የማያውቁ ልጆች መካከል የሚደረግ ወሬም አይደለም። የሚያውቅ መምህር ከፊት ቆሞ ሲመራው የሚሆን ምርምር ነው።

ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ተማሪዎች ይህን ሲያነቡ ገና ሥርዓቱ እስኪታረም ለምን እንጠብቅ ሊሉ ይችላሉ። እውነታቸውን ነው፤ አይጠብቁ። ዛሬ ማታ አንድ መጽሐፍ ይክፈቱ፤ ያልገባቸውን ይዘው ወደሚያውቅ ሰው ይሂዱ። የቆሎ ተማሪ ይህን ያደርግ የነበረው ሥርዓተ ትምህርት ሳይወጣለት ነው። በየወረዳውና በየትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የተመደባችሁ ወጣት ሹማምንት ደግሞ ሪፖርት ስትጽፉ ስንት ተማሪ ተመዘገበ ከሚለው ቁጥር ጎን ስንቱ ማንበብ ቻለ የሚለውን ጨምሩበት። ያ ቁጥር ትንሽ ቢሆን አትፈሩ፤ በ2002 ዓ.ም. የታየው ቁጥር ተደብቆ ሳይሆን ታይቶ ቸል ተብሎ ነው 12 ዓመት የፈጀብን።

በዚህ ዓመት አንደኛ ክፍል የገባው ሕፃን 12ኛ ክፍል የሚደርሰው እኛ ዛሬ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለነው በየመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ በምንሆንበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ ውጤቱ ሲነገር የምንወቅሰው ሌላ ትውልድ አይኖርም። ሕዝቡ «የተማረ ይግደለኝ» ያለው ተምረዋል ብሎ አምኖን ነውና፣ ልጁ ማንበብ መቻሉን ከወዲሁ እንጠይቅለት። የቀረውን ለአንባቢያን ፍርድ እንተወዋለን።